ግራ የሾፌሩ፣ ቀኝ የረዳቱ

ጋሹ ያችን ዶሮ በዐይኑና በአፍንጫው እንጂ በምላሱ አያውቃትም። ካያት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ የተሳቢ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ወደብ ስንዴ ጭኖ ሲመለስ፣ ጋላፊ ኬላ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ መንገድ ዳር አንድ የመናዊ ሽማግሌ በግማሽ በርሜል ላይ ዶሮ ሲጠብስ አገኘ። ዶሮዋ አልተበለተችም። ክንፏን አጣጥፋ፣ እግሯ በሽቦ ታስሮ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ሁሉ ፍሙ ላይ ተኮፍሳለች። ከአንገቷ እስከ ጭኗ ቀይ ቅመም ተቀብታ ቆዳዋ ይንጣጣል፤ ስቧ ጠብ ባለ ቁጥር ፍሙ ይቆጣል። ሽታው የናፍጣውን ሽታ አስረስቶ ጋሹን ከጋቢናው አወረደው።

ወርዶ ግን ምን ያደርጋል? ጋሹ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ረዳቱ ሙሀመድሰይድ ሙስሊም ነው፤ ቢስሚላህ ብሎ ቁጭ አለ። ጋሹ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳርዲን በዳቦ እየበላ ረዳቱን ያየው ጀመር። ሙሀመድሰይድ አንዱን እግር ገነጠለ፤ ጎረሰ፤ ዐይኑን ጨፈነ፤ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻም አምስቱን ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ተራ በተራ ላሳቸው፤ ያውም ጋሹን ትክ ብሎ እያየ።

«ምን ይመስላል?» አለ ጋሹ።

«ተወኝማ! የሚነገር አይደለም።»

ያን ቀን ሙሀመድሰይድ ሰርዶ ሳይደርሱ ሦስት ጊዜ «ቁም፣ ጎማ ልይ» ብሎ አስቆመው። ሰው ጥሩ ሲበላ ለሥራው እንዲህ ይተጋል ማለት ነው ብሎ ጋሹ በሆዱ ቀና።

የማይነገረውን ነገር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያናግረው ኖረ። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቀትር ላይ ነው፤ ቆላው ሲግል፣ አስፋልቱ ውሃ የተኛበት ሲመስል፣ ጋሹም ዐይኑ ከበድ ከበድ ሲለው ሙሀመድሰይድ ድንገት ጭኑን መታ ያደርግና «ኮረሪማ!» ይላል። «አሁን ትዝ አለኝ፣ ኮረሪማ ነበረባት።» ጋሹ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ፣ ተቆልቷል ወይስ ጥሬውን ነው እያለ እስከ ወልድያ ይጠይቃል። በሌላ ጉዞ ሎሚ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከሙን፤ አንድ ቀን ጎብዬን እንዳለፉ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ መጣ። ጋሹ ሁሉንም በመጫኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፈ በመሪው ፊት በፀሐይ መከላከያው ላይ ይሰካው ነበር።

አሁን ሁለቱም መንገድ ካቆሙ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። መኪናው ተሽጧል፤ እነሱ ቆቦ ላይ፣ አንድ አጥር ለያይቷቸው፣ ጥዋት ጥዋት እየተጯጯሁ ሲኖሩ የሙሀመድሰይድ ሚስት ሞተች። ሁለት ዓመት ብቻውን ከቆየ በኋላ ልጁ ራዊያ ከኮምቦልቻ መጥታ «አባ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው» አለችው። ቤቱ ተከራየ። ዕቃው ሄደ። እሱ ራሱ የሚሄደው እሑድ ጥዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሆነ።

ይህን የሰማ ዕለት ጋሹ ያሰበው ስለ መለያየት አልነበረም፤ ወይም ያሰበው ስለ መለያየት ሆኖ ወደ አእምሮው የመጣችው ግን ዶሮዋ ናት። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲነዱ ሽሮውን ከአንድ ትሪ በልተዋል። ሥጋ ሲሆን ግን አንዱ ወደዚያ ምግብ ቤት አንዱ ወደዚህ ነው። በዓል ሲመጣ በወሎ ደንብ ለእንግዳው የራሱ ይታረድለታል፤ ድስቱ ለብቻ፣ አብሳዩ ለብቻ፤ አንዱ ቀይ ወጥ ሲበላ ሌላው አልጫ ይደርሰዋል። አንድ ዓይነት ሥጋ፣ በአንድ ዓይነት ቅመም፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው በልተው አያውቁም። ጋሹ የፈለገው ይህን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቅዳሜ ሳያልፍ።

«ሁለት ዶሮ» አለ ለሚስቱ ለደመቀች። «አንዱን እሱ ያርዳል፣ አንዱን እኔ። በርሜል ለሁለት አስከፍላለሁ፤ ለየራሳችን ምድጃ ይሆነናል። ቅመሙ ግን አንድ ነው። ዶሮው ሳይበለት ሙሉውን ይጠበሳል።»

ደመቀች የምታጥበውን ነጠላ ለቀቀችው። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ቆዳውስ?»

«ከነቆዳው።»

ደመቀች ዶሮ አበላለቷ ቆቦ ውስጥ የሚነገርላት ሴት ናት። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ አጥንት ሳትሰብር ታወጣለች፤ ቆዳውን ገፍፋ፣ በሎሚና በጨው ሰባት ውሃ ታጥባለች። ስለዚህ ካጎነበሰችበት ቀና ብላ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ማርያምን! እጄን እዚህ ጉድ ውስጥ አላስገባም። ያረዱት ራሳቸው ጠብሰው ይብሉ። ሰው ቤቱ እንግዳ ጠርቶ ዶሮ ያለ እንቁላል፣ ከነቆዳው፣ እንደ ወደቀ ወፍ! ጎረቤት ቢያይ ምን እላለሁ?»

«አብደዋል በይ።»

«እሱንማ ማን ይጠይቀኛል፣ ያውቃሉ።»

ጋሹ በርሜሉን ብየዳ ቤት ወስዶ በቁመቱ ለሁለት አስከፈለው። ለየግማሹ አራት የፌሮ እግር አስበየደለት፤ ላዩ ላይ የሚጋደም ፍርግርግ፣ የሚከደንበትም ቆርቆሮ አሠራ። ሁለቱ ግማሾች አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ አንዱን ከሌላው የሚለይ አልነበረም። ዶሮዎቹንም ከሮቢት ከመጣች ነጋዴ ሲገዛ የመረጠው እኩዮቹን ነው፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም መጮህ ገና የጀመሩ፣ የአንድ እናት ልጆች። እኩል እንዲበስሉ ብሎ ነው። ጥንቃቄው በኋላ ጣጣ እንደሚያመጣበት በምን ይወቅ።

ቅመሙን ሦስት ቀን ደከመበት። የቆዩትን ደረሰኞች ከሣጥን አወጣቸው፤ ጽሑፉ ቢደበዝዝም ይነበባል። ደመቀች ከጓዳ እያየች የማታይ መሰለች። ከሙንና ድንብላሉን በደረቅ ምጣድ አመሰ፤ ኮረሪማውን ፈልፍሎ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ጨምሮ በሙቀጫ ወቀጠው። በርበሬና ጨው ደባለቀበት። የሎሚ ልጣጭ በቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ሁለት ቀን አድርቆ አልሞ ነፋው። በጣቱ እየቀመሰ፣ ያልቀመሰውን ነገር ለማስታወስ ሲሞክር ቆየና በመጨረሻ ሙሀመድሰይድን በአጥር ላይ ጠራው።

«ቅመስ። እንደዚያኛው ነው?»

ሙሀመድሰይድ ቀመሰ። ሰማይ ሰማይ አየ። «ተቃርቧል» አለ። «የሆነች ነገር ጎድላዋለች እንጂ።»

«ምን?»

«አሁን አልመጣልህ አለኝ።»

ጋሹ ነጭ ሽንኩርት አድርቆ ጨመረ። የቆርቆሮ ጣሳ ሞላለት።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የጥር ፀሐይ ግቢውን ሞልታ ሳለ፣ ዶሮዎቹ ታረዱ። ሙሀመድሰይድ የራሱን «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ከቤቱ ውሃ ልክ አጠገብ አረደ። ጋሹ የራሱን «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ከጉሎው ሥር አረደ። በየብቻ ሳፋ የፈላ ውሃ ቀርቦ ላባ መንጨቱ ሲጀመር ግን ሁለቱም እኩል ጀማሪ ሆኑ፤ ላባው አፍንጫቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ በሙሀመድሰይድ ኮፍያ ላይ ተለጠፈ። ደመቀች በራፉ ላይ ተቀምጣ እህል እየለቀመች ነበር።

«አያ ሙሀመድሰይድ» አለች፣ «ዶሮው ነው አንቱን የሚነጭዎት?»

«ደመቀች እህቴ፣ ነገ እሄድልሻለሁ፤ ዛሬን ብቻ ቻይኝ።»

ነጭተው፣ አጥበው፣ ሆድ ዕቃውን አወጡ። ከዚያ ጋሹ ጣሳውን ከፈተ። ቅመሙን በጥቂት ዘይት ለውሶ ለሁለት ሰሃን ከፈለውና የየራሳቸውን ዶሮ አሹ፤ ቆዳውን ከሥጋው በጣታቸው እያላቀቁ ከሥሩም ሞሉት። እግሩን በስሱ ሽቦ አሰሩ። ሁለቱ ዶሮዎች በሁለት ትሪ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ አንድ መልክ።

«ምልክት እናድርግባቸው እንዴ?» አለ ጋሹ። «ክር እንሰርበት?»

«ክሩ ይቃጠላል» አለ ሙሀመድሰይድ። «ምን ምልክት ያስፈልጋል? እንደ ጋቢናው ነዋ። ግራ የሾፌሩ፣ ቀኝ የረዳቱ። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስተን ተቀምጠን እናውቃለን?»

ጋሹ ሳቀ። እውነቱን ነው።

ቅመሙ እስኪዘልቅ ለሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ነበረበት። የዐስር ሶላት ደረሰና ሙሀመድሰይድ ወደ መስጊድ ሄደ። ጋሹም ከሰሉ የሚያንስ ስለመሰለው ሊጨምር ወጣ።

«ከድመት እጠብቅላችኋለሁ» አለች ደመቀች፣ ሳይለምኗት። ጋሹን ትንሽ ገረመው፤ ግን ተቻኩሎ ነበርና አላሰበበትም።

ተመልሰው እሳቱን አነደዱ። ከሰሉ ፍም ሲሆን ዳር ዳሩን ከመሩት፣ መሐሉን ባዶ ተዉት፤ ዶሮው ከፍሙ በላይ ሳይሆን ባዶው ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ይህን ጋሹ ከየመናዊው አይቶታል። ፊታቸውን ወደ ዞብል ተራራ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሹ በግራ፣ ሙሀመድሰይድ በቀኝ፤ በፊታቸው የግራው በርሜልና የቀኙ በርሜል። ቆርቆሮው ተከደነ። የሚያገላብጡት በፒንሳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምድጃ የራሱ ፒንሳ፣ ሁለቱም በሳሙና ታጥበው ከዕቃ ሣጥኑ የመጡ።

«መሪውን ያዝ» ይላል ሙሀመድሰይድ።

«ይዣለሁ። ጎማ አየህ?»

«ጎማው ደህና ነው። ጭነቱ ያበጠ ይመስላል እንጂ።»

እንዲህ ሲሉ ብዙም ሳይቆዩ ስቡ መውረድ ጀመረና ጭሱ ተነሣ። ከኋላቸው የሚመጣው ነፋስ ጭሱን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የደመቀች ልብስ ማስጫ ላይ አራገፈው።

«ነጠላዬ! ሰዎቹ፣ ነጠላዬን ዶሮ አደረጋችሁት!»

ተነሡ። በርሜሎቹን በጨርቅ እየያዙ፣ አንዱ በዚያ አንዱ በዚህ ሁነው፣ አንድ በአንድ ወደ ቁልቋሉ አጥር ወሰዷቸው። ሙሀመድሰይድ ኋላውን እየሄደ፣ «ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ አንተ፣ በቃ! ያዝ!» እያለ፣ ተሳቢ እንደሚያስገባ ሁሉ መራ። ደመቀች በንዴቷ መሐል ሳቀች። ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ አመሉን ለወጠና ከዞብል በኩል መንፈስ ጀመረ፤ ጭሱ አሁን የእነሱ ዐይን ውስጥ ገባ። ሁለቱም እያለቀሱ በርጩማቸውን አንሥተው በርሜሎቹን ዞረው ከወዲያኛው በኩል ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለዞብል ሰጡ፤ ጋሹ በግራ፣ ሙሀመድሰይድ በቀኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ጋሹ ቆርቆሮውን ሲያነሣ ግቢው ውስጥ ያ ሽታ ሞላ፤ ወይም እሱ ያ ሽታ ነው አለ። ቆዳው ጠቁሮ ሳይሆን ቀልቶ፣ እንደ ድሮ ቁርበት ቦርሳ ያብረቀርቃል። ጭኑን በንጹሕ ካቻቢቴ ወጋው፤ የወጣው ፈሳሽ ጠራ። የሌላኛውንም ሙሀመድሰይድ በራሱ ካቻቢቴ ወጋ፤ ጠራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደርሷል» አለና ፒንሳውን አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው?» አለ ጋሹ።

«ጋሹ፣ መጀመሪያ ስንቀመጥ ዞብል በየት በኩል ነበር?»

«ከፊታችን።»

«አሁንስ?»

ጋሹ ዞር ብሎ አየ። ተራራው ከኋላው ቆሟል።

አንድ የዶሮ ስብ ጠብ ብሎ ቱሽ አለ።

«ቀላል ነው» አለ ጋሹ ቶሎ ብሎ። «ዞረናል። ስለዚህ በእኔ በኩል ያለው የአንተ፣ በአንተ በኩል ያለው የእኔ ነው። አለቀ።»

«ያ ሳንዞር በፊት በርሜሎቹን በትክክል ካስቀመጥናቸው ነው። ከነጠላው ስንሸሽ የማንን ነው መጀመሪያ የተሸከምነው?»

«የአንተን።»

«የአንተን! ፍሙ የበረታው የአንተ ስለሆነ።»

«የበረታው የአንተ ነው እንጂ። ‹ያዝ› ብለህ የረገጥክብኝ እግሬን አሁንም ያመኛል።»

«እግርህን የረገጥኩት በሁለተኛው ነው።»

ተነሥተው ነገሩን ከመጀመሪያው ደገሙት። ባዶ እጃቸውን እንደ ሸክም ዘርግተው ከልብስ ማስጫው ወደ አጥሩ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። አንድ ጊዜ የጋሹ በርሜል በግራ ወጣ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም የራሳቸውን በርሜል አንድ ቦታ ላይ አስቀመጡ። በርሜሎቹ አንድ፣ ዶሮዎቹ አንድ፣ ቅመሙ አንድ፤ የሚመሰክር ነገር የለም።

ሙሀመድሰይድ ቁጭ አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ወላሂ ጋሹ፣ ከጠረጠርኩ አልበላም። ታውቀኛለህ።»

«እኔስ እበላለሁ?» አለ ጋሹ።

ተቀመጡና ዶሮዎቹን አዩ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ቀይ አድርጋለች። ነገ በዚህ ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ሙሀመድሰይድ አይኖርም፤ ጥዋት ተነሥቶ ቢጣራ የሚመልስለት ተከራይ ነው። ጋሹ አሥራ ስምንት ዓመት ያሰባት ዶሮ ከፊቱ ሁና፣ አንድ ሳትሆን ሁለት ሁና፣ ደርቃ ልትቀር ነው። ጭስ ነው ብሎ ዐይኑን አሸ።

«ሳርዲን አለህ?» አለ ሙሀመድሰይድ ቀስ ብሎ።

ጋሹ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው።

ይህን ሁሉ ደመቀች ከበራፉ ላይ ሆና ስታይ ነበር። እህል መልቀሟን ትታለች። አንድ ጊዜ ተነሣች፤ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሣች። በመጨረሻ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ከባሏ ራቅ ብላ ቆመች።

«እኔ ልለየው እችላለሁ» አለች።

«አንቺ? እጄን አላስገባም ብለሽ ምለሽ የለም እንዴ?»

«እጄን አላስገባሁም። ማንኪያ ነው ያስገባሁት።»

«የት?»

ደመቀች መሬት መሬት አየች። «ሆዱ ውስጥ። እንቁላል ቀቅዬ፣ ልጬ ነው። ምን ላድርግ! ሰው ዶሮ ያለ እንቁላል ለእንግዳ ያቀርባል? አላስቻለኝም። እናንተ ስትወጡ ሽቦውን ፈትቼ ከተትኩና መልሼ አሰርኩት።»

ጋሹ ቀጥ ብሎ ተነሣ። «የእኔው ውስጥ ነው የከተትሽው?»

«አዎ፣ ያንተም ውስጥ…»

የቀረውን አልሰማም። በአጠገቡ ወዳለው በርሜል ሄዶ ሽቦውን በፒንሳ ፈታ፤ አዘነበለው። እንቁላል ተንከባሎ ፍርግርጉ ላይ ወጣ፤ ቀይ፣ ትኩስ። «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «ይኸው! የእኔ ይኸኛው ነው!»

ሙሀመድሰይድ ግን በሌላኛው በርሜል ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። በራሱ ፒንሳ ሽቦውን ፈቶ ውስጡን አየ። «ጋሹ» አለ። «እዚህም አለ።»

ጋሹ ፒንሳውን እንደያዘ ቆመ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ደመቀች! በሁለቱም?»

«ልጨርስ ብትለኝ! ታዲያ ላንተ ከትቼ እንግዳውን ልተወው ነው? ለአንተ አንድ፣ ለአያ ሙሀመድሰይድ ሁለት። ሰው እንግዳውን በአንድ እንቁላል ይሸኛል እንዴ? ቁጠሩት!»

ሙሀመድሰይድ ዶሮውን አዘነበለ። አንድ እንቁላል ወጣ። ተጠባበቁ። ካቻቢቴውን ሰደደና በቀስታ አነቃነቀ፤ ሁለተኛው እንቁላል እየተንገዳገደ መጥቶ ከመጀመሪያው አጠገብ አረፈ።

ጋሹ በእጁ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፤ ሽማግሌ መሆኑን ረስቶ።

«ቆይ» አለ ሙሀመድሰይድ። «ደመቀች እህቴ፣ ማንኪያው?»

«ለአንቱ አዲሱን። ከመስቀያው አውርጄ፣ በጊዜው ታጥቦ። መጀመሪያም የከተትኩት የአንቱን ነው። ምን መስሎዎት፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሁነን ይህን አናውቅም?»

«ማሻአላህ» አለ ሙሀመድሰይድ። «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ሁለት ወንዶች ቀኝና ግራቸውን ያጡበትን አንቺ በማንኪያ አገኘሽው።»

ትሪዎቹ ቀረቡ። አንዱ ከአንዱ አንድ ክንድ ርቀት፣ ፊት ለፊት፤ በመሐል ዳቦ፣ የተከተፈ ቃሪያና ሎሚ። ጋሹ በልቡ አማተበ፤ ሙሀመድሰይድ ቢስሚላህ አለ። እኩል ጭን ገነጠሉ። እኩል ጎረሱ።

ቆዳው በጋሹ ጥርስ መሐል ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ሥጋው ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ በርበሬው ቀደመ፣ ከኋላው ሎሚው መጣ፣ ከሁሉ በኋላ ኮረሪማው እንደ ዘገየ መንገደኛ ደረሰ። የአበሻ አውራ ዶሮ እንዲህ ይለሰልሳል ብሎ አላሰበም። ደመቀች በራሷ ሰሃን ከባሏ ዶሮ አንድ ክንፍ ተቀብላ፣ ቆዳውን በጥርጣሬ ገልጣ አየችና ቀመሰች፤ ከዚያ ቆዳውንም በላችው። ሌላውንም ክንፍ ሳትጠይቅ ወሰደች።

«በል እንጂ» አለ ጋሹ። «እንደዚያኛው ነው?»

ሙሀመድሰይድ ማኘኩን ቀጠለ።

«ሰውዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የጠየቅኩህን ነው የምጠይቅህ። እንደዚያኛው ነው?»

«እውነቱን ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

«ነገ ስለምሄድ ነው የምነግርህ። እዚህ የምቀር ብሆን አልነግርህም።» አጥንቱን አስቀመጠ። «የዚያኛው ጨው በዝቶበት ነበር። ላዩ አርሯል፣ ጭኑ ውስጥ ጥሬ ነው። ሰርዶ ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ያስቆምኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«ጎማ ልይ ብለህ!»

«ጎማ! ሆዴን ቆርጦኝ እንጂ።»

ደመቀች ትስቅ ጀመር። ጋሹ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ታዲያ ጣትህን የላስከው? አንድ በአንድ?»

«ስላየኸኝ ነዋ! ሾፌሩ አንተ፣ በግራ የምትቀመጥ አንተ፣ ምሳ የት እንደምንበላ የምትወስን አንተ። ያን ቀን ብቻ ሳርዲን ይዘህ እኔን በቅናት ስታየኝ፣ እንዴት አልልስ?»

«ኮረሪማውስ? ከሙኑ? ቁንዶ በርበሬው?»

ሙሀመድሰይድ አሁን ትንሽ አፈረ። ሎሚውን በእጁ አንከባለለው። «ቀትር ላይ ዐይንህ ይከደንብህ ነበር፣ ጋሹ። ተሳቢው ወደ ዳር ሲያዘነብል አየዋለሁ። ‹አትተኛ› ስልህ ትቆጣለህ። ስለ ዶሮዋ ሳወራህ ግን ትነቃለህ፤ እስከ ወልድያ ዐይንህን አትጨፍንም። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ቅመም እጨምርልህ ነበር።»

ጋሹ ከፊቱ ያለውን ዶሮ አየው። ሙሀመድሰይድ የነገረውን ስድስት ዓይነት ቅመም ቆጠረ። ስድስት ቀትር ማለት ነው፤ ወይም ከዚያ የሚበልጥ፤ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ ነግሮታልና። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቆመበት።

«አታላይ» አለ በመጨረሻ።

«ረዳት ነኝ። ሥራዬ ነው።»

«እና ይህን ዶሮ ማን ነው የፈጠረው? ማንም አልበላው፣ ማንም አልጠበሰው!»

«አንተ ነሃ! ወላሂ ከዚያኛው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ጣሳው ውስጥ የቀረውን ቅመም ስጠኝና ለራዊያ ልውሰድላት።»

በሙሀመድሰይድ ትሪ ላይ ሁለተኛው እንቁላል ተቀምጧል። ጋሹ የራሱን አንድ እንቁላል ጨርሷልና እጁን ወደዚያ ሰደደ፤ ሰዶ መሐል ላይ ሲደርስ እንቁላሉ የበሰለው የት እንደሆነ ትዝ አለውና መለሰው። ሙሀመድሰይድ አየው። ከዚያ እንቁላሉን በሁለት ጣቱ አነሣ፤ የትሪውን ቅመም አስነካው፤ በሁለት ጉርሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ በላው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ አምስቱን ጣቶቹን ተራ በተራ ላሳቸው፤ ጋሹን ትክ ብሎ እያየ።

ጋሹ እንዳይጠይቅ አጥንት አኘከ። ዳቦ ቆረሰ። አልቻለም።

«ምን ይመስላል?»

«ኮምቦልቻ ስትመጣ እነግርሃለሁ» አለ ሙሀመድሰይድ።

ጋሹ ጣሳውን አንሥቶ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋውና ከራሱ በርጩማ ሥር አኖረው።

«ቅመሙን አልሰጥህም» አለ። «ራሴ አመጣዋለሁ።»